ጋቢ የለበሰው እግር

ሚስቴ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በኦፕሬሽን ወንድ ልጅ ወለደች፤ ከሕመሙ የተነሳ ግን ከአልጋ መውረድ አቃታት። ነርሷ መድኃኒቷን ሰጥታት፣ ውስጥ እግሯን በአውራ ጣት መጫን አሳየችኝ።

"ሕመሙን ቀለል ያደርግላታል፤ ከዚያ መራመድ አለባት" አለችኝ። እኔ ባጃጅ ነጂው ሐኪም ሆኜላችሁ ስጫን ዋልኩ።

በማግስቱ አጥሚት ይዤ ስገባ ጋቢዋን ተከናንባ ተኝታለች። እግሯን ገልጬ ሥራዬን ጀመርኩ። ተረከዟ በአንድ ሌሊት እንዴት እንዲህ ሻከረ እያልኩ ሳሽ፣ ከበሩ በኩል ሳቅ ሰማሁ። ሚስቴ ስፌቷን በእጇ ደግፋ፣ ግድግዳ ይዛ ቆማለች!

"አንተ! እማዬ እኮ ናት! ትንሽ ትረፍ ብዬ አልጋዬን ለቅቄላት ነው።"

በእኛ አገር አማች የአማቱን ፊት እንኳ ትኩር ብሎ አያይም። ደንግጬ እጄን ስሰበስብ ከጋቢው ውስጥ ድምፅ መጣ፦

"ተይው አንቺ፤ ገና ግራው ይቀረዋል።"