ሾላው ጋ ያለው መታጠፊያ

የተበደልሁት ይህ ነው፦ ከብቶቻችንን ከጎርፍ መርቼ ያወጣሁበት መንገድ በወንድሜ ስም ተጠራ። እስከ ዘንድሮ ድረስ የአገሬው ሰው «የደምሌ መሻገሪያ» ነው የሚለው።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ማስተዋል ናት። ወረታ ከተማ እኔ ቤት ተቀምጣ የድሮ መንደራችንን በኮምፒውተር ትሠራ ነበር። ድረ ገጽ ነው፤ ግን ሰው ገብቶ የሚዘዋወርበት። በሹል ቅንፎች መካከል ቃልና ቁጥር ስትጽፍ ሾላ ይቆማል፤ ሌላ ስትጽፍ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውሃ ያለብሰዋል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያለፍሁ ሰው አይደለሁም፤ ቤት እንዴት እንደሚቆም ግን አውቃለሁ። እሷም ምሰሶውን፣ ማገሩን፣ ክዳኑን በየተራው ነው የጻፈችው። ደስ አለኝ። መሬቱንም እኔ እንደነገርኋት ጻፈችው። ከዚያ መሻገሪያው ላይ «ደምሌ» ብላ ለጠፈች።

«አንሺው!» አልኋት።

«እምዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«ሰው ሁሉ የት ነበረና!»

ጎርፉ የመጣ ጊዜ ነሐሴ ነበር፤ ገና ያላገባሁ ልጅ ነኝ። ርብ ገንፍሎ እኔና ደምሌ ከላሞቻችን ጋር ጉብታ ላይ ተከበብን። ሜዳው የደፈረሰ ውሃ ብቻ ሆነ። በበጋ ኩበት ስለቅም የምመላለስበት ከፍ ያለ መሬት ከውሃው ሥር እንዳለ አውቃለሁ፤ እስከ ሾላው ቀጥ ብሎ ይሄድና እዚያ ወደ ግራ ይታጠፋል። በዱላ እየነካሁ ፊት ፊት ሄድሁ። ደምሌ ላሞቹን እየነዳ ከኋላ ተከተለ። ማታ የበቆሎ እሸት እየጠበስን ጎረቤቱ ሁሉ «አይ ደምሌ፣ ጎበዝ!» አለ። እሱም ሙገሳውን ከእሸቱ ጋር አብሮ በላ።

ወንድሜን እወደዋለሁ። ግን ፍቅር ሌላ፣ ሐቅ ሌላ።

አስጠራሁት። ከሐሙሲት መጣ፤ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ማውሱን ያዘ።

«በል አያ ደምሌ፣ መሻገሪያህን ተሻገር።»

ሾላውን አልፎ ቀጥ ብሎ ሄደና ሰጠመ። እንደገና ሞከረ፤ ወደ ቀኝ። ሰጠመ።

«ላሞቹስ?» አልሁት።

«አለቁብኝ» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ፊቱን አኮሳተረ፤ «ይህን መሬት ያሠራሻት አንቺ ነሽ!»

«ታዲያ አንተ የምታውቀውን ንገራትና ታስተካክለው።»

ማውሱን ተቀብዬው ሾላው ጋ ወደ ግራ ታጠፍሁ። ደረቅ መሬት ደረስሁ። ደምሌ የሄድሁበትን መስመር ስክሪኑ ላይ በጣቱ ተከተለና ወደ ማስተዋል ዞረ።

«ስሙን ቀይሪው፣ ልጄ» አላት። «እኔ ያየሁት የላም ጭራ ብቻ ነው። መንገዱን ያየችው ይቺው ናት።»