ሰብልዬን ያነሳናት ቀን

ትናንት ከኦቤትስ ኮሎምበስን አቋርጠን ወደ ቤታችን ዌስተርቪል ስንመለስ መኪናው ውስጥ ያ ሽታ ነበር። የሰብልዬ ካልሲ። መስኮቱን እስከ ታች ከፍቼ አፍንጫዬን አወጣሁ። የሐምሌ ንፋስ ግን ሽታውን ከኋላ ወንበር ቀስቅሶ መልሶ ፊቴ ላይ ለጠፈው። የኮመጠጠ ወተት፣ እርጥብ ጎማ፣ ቦርሳ ውስጥ ተረስቶ የከረመ ሙዝ፤ ሦስቱን ቀላቅሉና አሽትቱት። አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኝም ያንገሸግሸኛል። ከዚህ ካልሲ የባሰ የሚያስጠላ ነገር እንዳለ ግን አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው ያወቅሁት።

ሰብልዬ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። በልጅነቷ ደሴ ላይ መኪና ገጭቷት ግራ እግሯን አጥታለች። በዲቪ መጥታ ኦቤትስ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ስታሽግ፣ በአንድ እግርና በሁለት ክራንች የሚጫወቱት እግር ኳስ እንዳለ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ነገረቻት። በዚህ ጨዋታ ሰው ሠራሽ እግር አውልቀሽ ነው የምትገቢው። ኳስ በክራንች መምታት ክልክል ነው፤ በረኛዋም በአንድ እጇ ብቻ ነው የምትይዘው። የሴቶቹ ያኔ ገና መጀመሩ ነበር። ለአንድ ቡድን የሚበቃ ሴት ስለማይገኝ ልምምዱ ከወንዶች ጋር፣ ማሊያውም የወንዶች፤ እጅጌው ክርናቸውን አልፎ ይንጠለጠላል። ከሌላ አገር ሴቶች ጋር መጫወትማ ተረት ነበር።

በዚያ ነሐሴ ተረቱ ኮሎምበስ ድረስ መጣ። ከውጭ የሴቶች ቡድን ሊገጥማቸው ነው ተባለ። አሠልጣኟ ሰብልዬን ጠርታ፣ ወደ ውጭ ለሚጓዘው ቡድን አንድ የአጥቂ ቦታ ብቻ እንደቀረ፣ እሷንና አንዲት ሌላ ልጅን በዚህ ጨዋታ አይታ አንዷን እንደምትመርጥ ነገረቻት። ሰብልዬ ይህን ለእናቴ ብቻ ነገረች። ለእናቴ ብቻ መንገር ማለት ደግሞ ለደብሩ በሙሉ መንገር ማለት ነው።

የጨዋታው ቀን የደብሩ ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን እንደለበሱ ሜዳው ድረስ መጡ። ፍልሰታ ስለነበረ ትሪው ሁሉ የምስር ሳምቡሳ ነው። ሙቀቱ ሰው ላይ ይጣበቃል። ሰብልዬ ሰው ሠራሽ እግሯን አውልቃ፣ ከሥሩ የምታጠልቀውን ካልሲዋን ላዩ ላይ ጥላ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«መሬት እንዳታደርጊው፤ ጉንዳን ይገባበታል።»

ካልሲው ቀሚሴን አረጠበው። ትንፋሼን ይዤ ሳለሁ እትዬ ጥሩወርቅ፣ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ፣ «እጇ ተይዞባታል፣ የኔ ቆንጆ!» ብለው አንድ ሙሉ ሳምቡሳ በጉርሻ አፌ ውስጥ ከተቱት። ከዚያን ቀን ወዲህ የምስር ሳምቡሳ በአፌ አልዞረም።

ጨዋታው ሲጀመር ሌላ ነገር ተጀመረ። ከንፈር መምጠጥ። ሰብልዬ ኳስ ባገኘች ቁጥር ከኋላዬ «ምጽ! ምጽ!» ይላል፤ አንድ መንደር አጥንት የሚመጥጥ ይመስላል። እርጥበቱ ማጅራቴ ላይ ያረፈ ያህል ቀፈፈኝ።

«ምን አስገድዷት ነው?» አሉ ጋሼ መኮንን፣ ትራክ የሚነዱት ጎረቤታችን። «ይህች ልጅ ማረፍ ነበረባት።»

«ሺ ኢዝ ጉድ!» አልኳቸው ዞሬ፤ ጎበዝ ናት ማለቴ ነው።

«እሺ የኔ ልጅ፣ ብዪ ሳምቡሳሽን።»

አንድ ለአንድ ሆነው ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ሰብልዬ ኳሷን ይዛ ወጣች። አንዷን አለፈች። ሁለተኛዋ ስትደርስባት ክራንቻቸው ተጠላለፈና ሰብልዬ በደረቷ ወደቀች። በረኛዋም ወጥታ ስለነበር ተንሸራታ ወድቃለች። ኳሷ ከሰብልዬ አንድ እርምጃ ፊት ቆማለች፤ ጎሉ ባዶ ነው። ሰብልዬ አንዱን ክራንች ተክላ ግማሽ ተነስታ ነበር፤ ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

«እኔን!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

እኛ አበሾች ሰው ሲወድቅ አንጠይቅም፤ ጭንቅላት ሳያስብ እግር ይሄዳል። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን እየጎተቱ፣ ጋሼ መኮንን በቤተ ክርስቲያን ጫማቸው፣ እናቴም ተከትላ ሜዳው ውስጥ ገቡ። እኔም ሮጥኩ፤ እግሯን ታቅፌ! ላደርስላት! ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ጋሼ መኮንን ሰብልዬን እንደ ክርስትና ልጅ በሁለት እጃቸው አነሷት።

«ልቀቁኝ! ጋሼ መኮንን፣ በማርያም ልቀቁኝ!»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ከሜዳው አወጧት።

አሠልጣኟ የተጎዳች መስሏት ሌላዋን ልጅ አስገባች። ሌላዋ ልጅ ገብታ ጎል አስቆጠረች። ቦታው የእሷ ሆነ።

ሰብልዬ ሳሩ ላይ ተቀምጣ እግሯን ከእጄ ወሰደች። ፊቴን አላየችም።

«እየተነሳሁ ነበር እኮ» አለች። «ጎሉ ባዶ ነበር።»

«ጎል ምን ያደርግልሻል ልጄ፣ ዋናው ጤና» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። ከዚያም ምጽ።

እዚያው አስመለሰኝ። ሁሉም «ሙቀት ነው» ብለው ውኃ አፈሰሱብኝ። ሙቀት አልነበረም። የከንፈሩ ድምፅ፣ የነጠላው ጫፍ ዕንባ መጥረግ፣ ቁጭ ብላ የምትናደደውን ሴት እንደ ለቅሶ ቤት መክበባቸው፣ ሁሉም አንገፈገፈኝ። ከሁሉም በላይ የተጸየፍኩት ግን ሁለቱን የራሴን እግሮች ነበር፤ ማንም ሳይጠራቸው የሮጡትን።

ቡድኑ ያለሰብልዬ ሄደ። እሷም ወጥ ቤታችን ቆማ፣ ቆሎ እየቆረጠመች፣ ጨዋታውን በስልክ እያየች ያቺን ልጅ ስትሳደብ ከረመች። በዓመቱ እሷም ተመረጠች። ከዚያ ውድቀት ወዲህ ግን ጨዋታዋን እንዲያይ ከቤተሰብ የምትፈቅደው ለእኔ ብቻ ነው።

ትናንትም እግሯ ጭኔ ላይ ነበር። አጠገቤ ከክሊንተንቪል ሰፈር የመጡ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ አበሻ መሆኔን አይተው ነው የተጠጉኝ። ሰብልዬ ጎሉ አፍ ላይ ወደቀች። ሴትየዋ ምጽ ብለው ብድግ አሉ። ቀሚሳቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ።»

«ወድቃለች እኮ!»

«አዎ። ይቀመጡ።»

ሰብልዬ ክራንቿን ተከለች፣ ተነሳች፣ በረኛዋን ወዲህ አታለለቻት፣ መታች። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ በርራ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገባች።

መንገዱን ሙሉ መሪውን እየደበደበች «ባዶ ጎል! ባዶ ጎል ይሳታል?» አለች። አይዞሽ አላልኳትም። የሳተችው ራሷ ናት፤ ማንም ሮጦ አላነሳትም።

«ምን ያስቅሻል አንቺ?» ብላ ካልሲውን ከኋላ ወንበር ስባ ወረወረችብኝ። በአፍንጫዬ ላይ ነው ያረፈው። ኡፍ!