ያልተደረሰ ለቅሶ

እታለም ሐሙስ ጠዋት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሚኒባስ ስትሳፈር ለረዳቱ «በርበሬ ልገዛ ነው» አለችው። ማን ጠየቃት? ማንም። በርበሬውስ እውነት ነው፤ ሽሮና በርበሬ ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ቡሬ ሄዳ ባዶ እጇን አትመለስም። ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችው ሦስት ኪሎ ሽሮ ግን የሚሸጥ አይደለም። ለሳቢሃ ነው፣ የለቅሶ ነው፤ ለዚያውም አምስት ወር የዘገየ ለቅሶ።

ሳቢሃ ማን ናት ካላችሁ፣ ጅጋ ገበያ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን የተቀመጠች ባልንጀራዋ ናት። ሳቢሃ ከባሏ ከዑስማን ጋር ጨርቅ ትሸጥ ነበር፤ እታለም አጠገባቸው ሽሮዋን ትሰፍራለች። ዝናብ ሲመጣ ዑስማን የራሱን ጨርቅ ሳይሸፍን ሮጦ ሸራውን በእታለም በርበሬ ላይ ይጥላል። «ጨርቅ ቢርስ ይደርቃል፣ በርበሬ ከራሰ አለቀለት» ይል ነበር። የእታለም ባል የሞተ ጊዜ ሳቢሃ ድንኳኑ እስኪነሳ ቤቷ አልገባችም፤ ቀን አብራ ስታለቅስ ትውላለች፣ ማታ ዕቃ ታጥባለች። ኋላ ባልና ሚስቱ ቡሬ ሱቅ ከፍተው ሄዱ እንጂ መጠያየቁ አልቀረም ነበር። በእኛ አገር ለቅሶ ብድር ነው፤ እታለም ይህን ብድር ሳትመልስ ቀረች።

ዑስማን ሲሞት መንገዱ ተዘግቷል፣ ስልክም የለም። እሷ መርዶውን የሰማችው በዘጠነኛው ቀን ከአንድ ጤፍ ነጋዴ ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድባትም። መንገዱ ሲከፈት ግን ጉልበቷን አመማት፤ ከዚያ ጾም ገባ፤ ከዚያም «አሁን ምን ብዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ልሂድ?» ማለት ጀመረች። እፍረት እንደ ሊጥ ነው፣ ከድነው ሲተዉት ኩፍ ይላል። በመካከሉ አንድ ነገር አድርጋለች፤ እሱን ለማንም ስላልተናገረች እኔም ለጊዜው ልለፈው።

ከቡሬ መናኸሪያ እስከ ሳቢሃ ሱቅ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። እታለም ግን አቤት ሥራ ስታበዛ! መጀመሪያ በርበሬ ተራ ገብታ ዛላውን አንድ በአንድ እያነሳች ስታሸት፣ ስታሸት፣ ነጋዴው ትዕግሥቱ አልቆ «እትዬ፣ ሊገዙት ነው ወይስ ሊያገቡት?» አላት። ገዛችና ማዳበሪያውን እዚያው አስቀመጠች። ከዚያ ለጎረቤቷ የስኳር መድኃኒት ፍለጋ ሦስት ፋርማሲ ዞረች፤ ሁለተኛው ጋ መኖሩን እያወቀች ሦስተኛውን «ልጠይቅ» ብላ ነው። የተሰበረ ጃንጥላዋን አሠራች። ጫማዋን አሰፋች፤ ቀኙ ብቻ ነበር የተቀደደው፣ እሷ ግን ግራውንም ሰጠች። በአንድ ቀን ይህን ያህል ጉዳይ ጨርሳ አታውቅም፤ የሚፈሩት ነገር ሲኖር ሰው ሁሉ ታታሪ ነው። የሽሮው ፌስታል እጇን ቆርጦት ነበር፣ ጉልበቷም እሳት ሆኗል።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ እህተ ማርያም ሻይ ቤት ገብታ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠች። እህተ ማርያም የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ ምላሷ አይጣል ነው። ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ልጅሽ ያምሮት ሥራ አገኘች ወይ፣ የጤፉ ዋጋስ ተባባሉ። ሻዩ መጣ። ያን ጊዜ፦

«ሳቢሃን አየሻት?» አለች እህተ ማርያም።

«እ... ስመለስ ጎራ እላለሁ።»

«ስመለስ? አንቺ! በሞቴ፣ እስካሁን አልደረስሽም?» እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እኛ እዚህ እታለም ለቅሶ ቀረች ብለን ስናማሽ አፋችንን የዘጋችው ማን መሰለችሽ? ሳቢሃ ናት። “እታለም ሕመም ቢጥላት ነው እንጂ የዑስማንን ለቅሶ አትቀርም” አለች። እኔስ እውነት መስሎኝ ሻማ አብርቼልሻለሁ!»

እታለም ሻዩን ሳትጨርስ አስቀመጠችው። ፌስታሏን አንስታ፣ ደህና ዋዪ እንኳ ሳትል ወጣች።

ሳቢሃ ሱቅ በር ላይ ሆና አቡጀዲ በሜትር ትለካ ነበር። ከስታለች። ከበስተኋላዋ የዑስማን ወንበር እንዳለ ነው፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ቀና ብላ አየቻት።

«እንደምን ዋልሽ» አለች። «ምን ላሳይሽ?»

ምን ላሳይሽ! ለገበያተኛ እንደሚባለው። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

«ሳቢሃዬ፣ መንገዱ ተዘግቶ...»

«በሁለተኛው ሳምንት ተከፍቷል።»

«ጉልበቴን አሞኝ...»

«ይማርሽ።» ሳቢሃ ጨርቁን አጠፈች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «እታለም፣ ለቀብሩ መቅረትሽን ወላሂ አልቆጠርኩትም። ያን ጊዜ ያልቀረ ማን አለ? ግን በሁለተኛው ወር መጥተሽ ነበር። እዚያ ማዶ፣ ልብስ ሰፊው ጥግ ቆምሽ፣ ቆምሽና ዞረሽ ሄድሽ። ሃያ ዓመት አጠገቤ የተቀመጠ ጀርባ የሚጠፋኝ መሰለሽ? ልጠራሽ አልኩና ተውኩት። የተቀየምኩሽ የዚያን ቀን ነው።»

ያለፍኩት ነገር ይኸው ነው። እታለም ያን ቀን እግሬ አውጪኝ ብላ ተመልሳ፣ ልጆቿ ሲጠይቋት እንኳ «ገበያ ዋልኩ» ብላ ነበር። አሁን የተለማመደችው ሰበብ ሁሉ አለቀ። የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ አለች።

«ያን ቀን ወንበሩን አየሁት» አለች። «ባዶ ሆኖ አየሁት። እዚህ ድረስ ካልመጣሁ ዑስማን አልሞተም ብዬ ነው፣ እንደ ሞኝ። ደከመኝ፣ ሳቢሃ። ባሌን ቀበርኩ፣ ወንድሜን ቀበርኩ፣ ሰው መቅበር ደከመኝ።»

የሳቢሃ ዓይን ፌስታሉ ላይ ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ሽሮ ነው። በሶብላ የበዛበት፣ እሱ የሚወደው።»

ሳቢሃ ተቀብላ ቋጠሮውን ፈታችና አሸተተች። አምስት ወር ሙሉ ሱቅ ስትከፍት፣ ልጆች ስታጽናና፣ እንዴት ነሽ ለሚላት ሁሉ «አልሃምዱሊላህ» ስትል የከረመች ሴት «ያ አላህ!» ብላ ጮኸችና በእታለም ጭን ላይ ተደፋች። ሁለቱም አለቀሱ። ጨርቁ መሬት ወደቀ፣ ያነሳው የለም።

በዚህ መሐል ከገጠር የመጣች አንዲት ሴት ዘንቢል አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች።

«አቡጀዲ አላችሁ?»

«ዛሬ አልሸጥም» አለች ሳቢሃ ፊቷን በሻሿ እየጠረገች። «ለቅሶ ተቀምጠናል።»

«ውይ በሞትኩት! ማን ሞቶ ነው?»

«ባሌ።»

«መቼ?»

ሳቢሃ እታለምን አየቻት። እጇን አልለቀቀችም።

«ዛሬ ነው የተረዳነው» አለች።

ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቀችም። ዘንቢሏን ደጅ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ገብታም ከእነሱ ጋር ተቀመጠች።