የጎረቤታችን ጎንጎች

የነሐስ ሰሃን በሎሚ ባሸሁ ቁጥር ያ የሚጎመዝዝ የብረት ሽታ ይመጣና ሐሳቤ ውጭ አገር ያደግኩበት ሰፈር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ጎረቤታችን ሳሎን ይገባል።

ያኔ የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ። ጎረቤታችን ከፊሊፒንስ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ሚንዳናው የመጡ ሙስሊም ሴት ነበሩ። ከእናቴ ጋር ሊፍት በር ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው አንድ ነው፣ አሰላሙ አለይኩም፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ወሬ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሳሎናቸው ውስጥ መሐላቸው ጎበጥ ያሉ ስምንት የነሐስ ጎንጎች በእንጨት ላይ ተደርድረዋል፤ ከጎናቸውም አንድ ትልቅ ጎንግ ተንጠልጥሏል። ስምንቱ ለሚያያቸው የድስት ክዳን ይመስላሉ። በሁለት በትር ሲመቷቸው ግን ድምፁ እየተከታተለ እንደ ምንጭ ይወርዳል፤ ማታ ማታም ግድግዳውን አልፎ እኛ ቤት ይሰማል። ገና ስሰማው እንደምችለው አውቄ ነበር፤ ቻልኩም።

"ኖታ የለውም፤ ጆሮሽን ስጪኝ" ይሉኝ ነበር።

የልጃቸው ሰርግ ሲቃረብ በረዶ አዳልጧቸው እጃቸው ተሰበረ። ሙሽራዋ "ጎንጉ በሲዲ ይሁን" አለች። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺ ትመቺያለሽ" አሉ።

እናቴ ሰጋች። "ልጄ፣ የሰው ሰርግ ብታበላሺስ?"

"አላበላሽም" አልኳት።

ሰርጉ የሕንፃችን ፓርቲ ሩም ውስጥ ነበር። የክረምት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ነሐሱን አቅልታዋለች። መምታት ጀመርኩ። ዜማው መሐል ላይ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ከሌላ አገር ደሴት ከጃቫ የመጡ ሽማግሌ፣ ተነሥተው የተንጠለጠለውን ትልቁን ጎንግ መቱት። ማንም ሳያሳያቸው ልክ ቦታው ላይ አሳረፉት።

ሲያልቅ ጎረቤታችን፣ "የት ተማሩት?" አሏቸው።

"እኛም አገር አለ፤ ስሙ ነው ሌላ።"

ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞሩ። "ነጋዴዎች በጀልባ ከደሴት ደሴት ይዘውት ዞሩ። በሰምና በቅመም ለወጡት፣ ለጥሎሽ ሰጡት። የደረሰበት ደሴት ሁሉ በራሱ ጆሮ ቃኘው።"

"አሁን እኛ ጋ ደርሷላ" አልኳቸው።

በደህናው እጃቸው ጉንጬን ዳሰሱኝ።

በጸደይ ልጃቸውን ተከትለው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። ጎንጎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መኪናው ላይ የጫንኳቸው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ወደ ማታ እናቴ በድንገት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች፤ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘነበለች።

"ሄደዋል እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። ድምፁን ግን መልሳ አልጨመረችውም።