የፑርዋንቲ ፈገግታ

ፑርዋንቲ ጃፓንኛ በስልክ የተማረችው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከብሊታር ከተማ ወጣ ባለች መንደር፣ ጓሮ ካለው የውሃ ማጠራቀሚያ አጠገብ ቆማ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ ከእናቷ ጋር ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ምግብ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለሉ ገበያ ያወጣሉ፤ ኑሮው ግን አልገፋ ብሏል። ጃፓን አገር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አንድ የሥራ ቦታ ተገኝቶላታል። የቃል ፈተናውን ካለፈች ትሄዳለች፤ ከወደቀች ዕድሜዋ ስለሚያልፍ ሁለተኛ ዕድል የለም።

በትምህርቱ ሰዓት የራሷን ፊት ስልኩ ላይ ስታየው ትደነግጣለች። መምህርቷ ኦካሙራ "ገባችሁ?" ሲሉ ባይገባትም ፈገግ ብላ በአዎንታ ራሷን ትነቀንቃለች። አልገባኝም ማለት መምህርን ማሳፈር ነው ተብላ አድጋለች።

"ምባክ፣ እህት ዓለም፣ ደግሞ ለስልኩ ጥርስሽን ታሳያለሽ?" ትላታለች ታናሽ እህቷ ቲዊ። "ጃፓኖቹ ለጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነው እንዴ የሚወስዱሽ?"

"ዝም በይ! አንቺ ብትሆኚ ስልኩን ጥለሽ ትሮጪ ነበር።"

"እሮጥ ነበር። ግን እያለቀስኩ ነው እንጂ እየሳቅኩ አይደለም።"

በፈተናው ቀን ከመጦሪያው የመጡ ሁለት ፈታኞች ስልኩ ላይ ጠበቋት። አንደኛው "የምትንከባከቢያቸው ሽማግሌ መታጠቢያ ቤት ወደቁ እንበል። ምን ታደርጊያለሽ?" አሏት።

ጥያቄው አንድም ቃል ሳይቀር ገባት። አባቷ የሞተው መታጠቢያ ቤት ወድቆ ነው። ወራት ሙሉ ሲያስፈራት የኖረው ቋንቋ ያን ጊዜ ታዘዘላት። አባቴም እንዲህ ወድቆ ነው የሞተው፤ በችኮላ አላነሳቸውም፣ አጠገባቸው ሆኜ ሰው እጠራለሁ አለች። የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነበር። ግን ስትናገር ፈገግ ብላ ነበር። በመንደሯ ሐዘኑን የሚናገር ሰው ሸክሙን ሰሚው ላይ ላለመጣል ፈገግ ይላል፤ እሷም በአባቷ ቀብር ለመጣው ሁሉ እንዲሁ ፈገግ ስትል ነው የዋለችው።

ሰዎቹ ተያዩ።

ከሰዓት በኋላ ኦካሙራ በቪዲዮ ደወሉ። "ቋንቋሽ ጥሩ ነው ብለዋል። ግን ሰው ወደቀ ሲባል የምትስቅ ልጅ አረጋውያን ጋ አናስገባም አሉ። ለምን ሳቅሽ?"

"በእኛ አገር..." ብላ ጀመረች። የቀረውን በጃፓንኛ የምትልበት ቃል ግን አልነበራትም።

"ፑርዋንቲ፣ ያልኩሽ ገባሽ?"

"ገባኝ" አለች፣ ፈገግ ብላ።

ማድቤት ስትገባ እናቷ የተቀቀለ አኩሪ አተር እያበረዱ ነበር። ቀና አሉ።

"ምን አሉ ልጄ?"

"ደህና ነው፣ ኢቡ" አለች ፑርዋንቲ፤ አሁንም ፈገግ ብላ።

እናቷ ያንን ፈገግታ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያውቁታል። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላትና ግማሹን የሙዝ ቅጠል ወደ እሷ ገፉላት።