በዓይን የታቀፈ እንቁላል

ዛሬ ጠዋት ጎሬ፣ በማገለግላቸው በጌታዬ ግቢ ውስጥ፣ የሰጎኗ እንቁላል ከጠባቂው ከጋሼ ተክሌ እጅ አምልጦ ተሰበረ። ውስጡ ላባ ያወጣ ጫጩት ነበር። ሞቷል፤ ከቀዘቀዘም ቆይቷል።

ጌታዬ ሰጎኖቹን፣ ድኩላዎቹንና ከርከሮውን በአንድ አጥር ውስጥ ነው የሚያኖሯቸው። እንግዳ ሲመጣ "የኖኅ መርከብ" እያሉ ያሳያሉ። ኖኅ እንኳ ክፍል ክፍል ሠርቶ ነበር።

ሰሞኑን ከርከሮው ሰጎኗ ከታቀፈቻቸው እንቁላሎች አንዱን ብቻ አስቀርቶ በላባት። ጋሼ አንጀታቸው አልቻለም። የተረፈውን ከሥሯ አውጥተው፣ ከርከሮው እንዳይደርስበት፣ አጥሩ ምሰሶ ላይ በቅርጫት ሰቀሉላት።

"አይበርደውም ወይ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ሰጎን እኮ በዓይኗ ነው የምትፈለፍለው። ቤተ ክርስቲያን ሲሰበክ አልሰማህም? ካየችው ይበቃታል" አሉኝ።

እሷም አየችው። የኛ አገር ዝናብ እየወረደባት፣ እህል ሳትቀምስ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ስታየው ሰነበተች። እኛም እየፈለፈለች መስሎን፣ እንዳንረብሻት በአጠገቧ ስናልፍ በሹክሹክታ ነበር የምናወራው።

ዛሬ ጠዋት ግን ጋሼ ሊያዩት ከቅርጫቱ ሲያወጡት ነው ያመለጣቸው። ጫጩቱን በነጠላቸው ጠቅልለው ከአጥሩ ውጭ ቀበሩት። "ከሥሯ ባላወጣው ኖሮ" ብለው ጀመሩና ተዉት።

በመቱም በዳሪሙም ያላችሁ ወዳጆቼ፣ እናንተስ አዝናችሁለት፣ በዚያው በማዘናችሁ የጎዳችሁት እንስሳ አለ? ካለ ጻፉልኝ፤ ለጋሼ አነብላቸዋለሁ።

ባዶውን ቅርጫት ከምሰሶው ላይ ያወረደው የለም። ይህን ስጽፍ ሰጎኗ አሁንም ቀና ብላ እያየችው ነው።