ጋሼን መልቀቅ

ለቅሶ ላይ ሮም ውስጥ የሚወዳደረኝ የለም። የእናቴን መርዶ ያረዱኝ ቀን ፒኜቶ ሰፈር ካለው ቤቴ የወጣው ጩኸት ትራም አስቁሟል። እሺ፣ ትራሙ ድሮም ፌርማታው ላይ ቆሞ ነበር፤ ቢሆንም ሹፌሩ ቀና ብሎ አይቷል።

በዚያ ለቅሶ ላይ ከሐበሻው መሀል አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጣሉ። እኔ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ወጥ እሠራለሁ፤ አብሹንም፣ ድንብላሉንም፣ ጥቁር አዝሙዱንም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ነው የገዛሁት። ጋሼ ነበር የምላቸው። ጎረቤታቸው ጣሊያናዊ ዓሣ ሻጭም ስማቸው መስሎት ጠዋት ጠዋት "ቦንጆርኖ ጋሼ" ይላቸዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቅመሙ እስኪመዘን በጣሊያንኛ እንከራከራለን። በእሳቸው እምነት ሰው ይሞታል፣ ይወለዳል፣ ደግሞ ይሞታል፤ የሠራው ሥራ እየጎተተ ይመልሰዋል። ከዚህ ዙር መውጣቱን ሞክሻ ይሉታል።

"ጋሼ፣ እርስዎ የሚያወሩት ስለ ኩዌስቱራ ነው" አልኳቸው አንድ ቀን። "እኔ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማሳደስ ፖሊስ ጣቢያው ሰልፍ ላይ ሰባት ጊዜ ሞቼ ሰባት ጊዜ ተወልጃለሁ።"

"ታዲያ ገብቶሃል" አሉ፣ ሳይስቁ። "ሞክሻ ዳግመኛ አለመሰለፍ ነው።"

"ገነትስ?"

"እሱም ያልቅና ትመለሳለህ። እናንተ መነሣትን ትለምናላችሁ። እኔ የምለምነው አለመመለስን ነው።"

ከዚያ ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት ሲሸኟቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከመክሳታቸው የተነሣ ትራሱ ከእሳቸው ይከብድ ነበር። እጄን ያዙኝ።

"ልጆቼ ጣሊያን ሆነዋል፤ ጥቁር መነጽር አድርገው ትንሽ ያለቅሳሉ። ሚስቴ ወጉን ታውቃለች። የምፈራው አንተን ነው።"

"እኔን?"

"እናትህን ስታለቅስ አይቼሃለሁ። እኛ ዘንድ የሄደውን ሰው እንባ ያስረዋል ይባላል። የምወደው ሰው ከኋላዬ ቢጠራኝ ዞር እላለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ። አሎራ፣ እንግዲህ አትጥራኝ።"

በእኛ አገር ደረቅ ዓይን ይዞ ሬሳ የሸኘ ሰው ለሰባት ትውልድ ይታማል። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ ፊታቸውን አየሁና ተውኩት። በእናቴ ልምል አልኩ፤ እሷ ደግሞ የለችም። "ማርያምን፣ አላለቅስም" አልኩ።

ጋሼ ባረፉ ጊዜ ሬሳ ወደሚቃጠልበት አዳራሽ ሄድን፤ ከከተማው ወጣ ይላል። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ቆሟል። እኔ ጥርሴን ነክሼ የጣሪያውን አምፖሎች እቆጥራለሁ። ሣጥኑ ወደ ትንሿ በር መንሸራተት ሲጀምር ግን ደረቴ እኔን ሳያስፈቅድ ተከፈተ።

"ጋሼ፣ ለማን ጥለውኝ ነው? ይመለሱ። ይመለሱልኝ!"

ባለቤታቸው ዞር ብለው በመዳፋቸው አፌን ከደኑት። መዳፋቸው እርድ እርድ ይሸታል። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ቀልድ አልወጣ አለኝ። የማድ ቤት ጓደኞቼ ታመምክ ወይ ይሉኛል። መስኮቴ ላይ አንዲት ርግብ መመላለስ ጀመረች። ሮም ውስጥ ርግብ መስኮት ላይ ማረፏ ተአምር አይደለም፤ ቢሆንም አስተያየቷ አላማረኝም። "ጋሼ?" አልኳት። አንገቷን ሰብራ አየችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ እኔ፣ ምሳ የማላልፈው ሰው።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን እነሱም እንደ እኛ ተዝካር ሰው ጠርተው ያበላሉ። ሄድኩ። ባለቤታቸው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ያን ዕለት የጮህከው ምን ማለት ነበር?"

በአማርኛ ስለጮህኩ አዳራሹ ውስጥ የሰማኝ እንጂ የገባው አልነበረም። "በሰላም ይሂዱ ማለት ነው" ልላቸው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ለእኔ ውሸት እንደ ጨው ነው፣ የማልጨምርበት ነገር የለም። ያን ቀን አልጨመርኩም።

"ይመለሱ ነው ያልኩት፣ እትዬ። ቃሌን በላሁ።"

ሳህኔ ላይ ሩዝ ጨመሩልኝ።

"ቃልህን እንደማትጠብቅ ነግሮኛል" አሉ። "'ያ ሰው የሚናገረውን ሁሉ በአሥር አካፍይ፤ ለቅሶውንም' ብሎኛል።"

ሳቅ መጣብኝና ተውኩት።

"ከአሥር አንዱስ?"

"እሱ እውነት ነው። ባለቤቴም የታሰረው በእሱ ነው። ያሰርከው አንተ ነህ፣ አንተው ፍታው።"

ሳህኑን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። በዚያው በጠራኋቸው ቋንቋ "ጋሼ፣ ይሂዱ" አልኩ። አንዴ ብቻ፤ ትራም ማስቆሙ ቀርቶ አጠገቤ ለተቀመጡት ለእትዬ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።